ጨውና ስኳር በውኃ፤ የምርምር ውጤት እስከ እናቶች ጓዳ የሄደበት መንገድ

ተቅማጥ የሚባለውን በሽታ የማያውቅ ቤተ ሰብ በአገራችን አይገኝም። ስለዚህ በሽታ በመጽሔት ላይ መጻፍ የማያምር ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከሕፃናት ገዳዮች መካከል ስሙ በፊተኛው ረድፍ የሚጠራ መሆኑን ያስታውስ። በ1980 ገደማ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ ነበር። ዛሬ ይህ ቍጥር ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዷል። የንጹሕ ውኃና የመጸዳጃ ቤት መስፋፋት፥ ክትባትና የተሻለ ምግብ ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም በጤና ኬላና በመድኃኒት ቤት «ኦ አር ኤስ» ተብሎ የሚጠራው፥ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ የሚሰጠው ርካሽ ዱቄት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዓላማዬ ዱቄቱን ለማሞገስ አይደለም። በምርምር ቤት የተገኘ ዕውቀት የድኻውን ገበሬ ደጃፍ እስኪረግጥ ድረስ ምን ያህል እንደሚጓዝ፥ በመንገዱም ላይ የት የት እንደሚሰናከል ለማሳየት ነው። ብዙ ሰው አንድ መድኃኒት ከተገኘና ከተመሰከረለት በኋላ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ሐኪሞች ያዝዙታል፥ ሕዝቡ ይወስደዋል፥ በሽታውም ይጠፋል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ የቀና አይደለም። በየምዕራፉ ቆሞ «እዚህስ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅና የሚቈጥር ሰው ካልተገኘ ዕውቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በባንግላዴሽ ስለ ሆነ፥ እስቲ ወደዚያ እንሂድ።

ባንግላዴሽ በሕንድ አጠገብ የምትገኝ፥ ጋንጀስንና ብራህማፑትራን የመሰሉ ታላላቅ ወንዞች ወደ ባሕር ከመግባታቸው በፊት በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍለው የሚያጥለቀልቋት ለጥ ያለች አገር ናት። እስከ 1971 ድረስ የፓኪስታን ምሥራቃዊ ክፍል ነበረች። ኮሌራ በዚያ ረግረጋማ አገር ከጥንት ጀምሮ ይመላለሳል። ስለዚህም በ1960 በዳካ ከተማ የኮሌራ ምርምር ቤት ተቋቋመ። በ1963 ደግሞ ማትላብ በተባለው ገጠር አንድ ጣቢያ ተከፈተ፤ በዚያ ወንዝ እንጂ መንገድ ስለሌለ በሽተኞች የሚጓጓዙት በሞተር ጀልባ ነበር። የማትላብ ጣቢያ የመጀመሪያ ሥራው ክትባት መፈተን ነበር። መርማሪዎቹ የሕዝቡን ቍጥር በየቤቱ እየመዘገቡ ከተከታተሉ በኋላ፥ በዚያን ጊዜ የነበረው የኮሌራ ክትባት የሚጠቅመው ለአጭር ጊዜና በከፊል ብቻ መሆኑን አረጋገጡ። አንድ ነገር እንደሚፈለገው አለመሥራቱን ማረጋገጥ ጭብጨባ ባያስገኝም፥ ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ አገር ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

ኮሌራ ሰውን የሚገድለው ውኃውን በማሟጠጥ ነው። የጠናበት ሰው በአንድ ቀን ከ10 ሊትር በላይ ውኃና ከውኃውም ጋር ጨው ሊወጣው ይችላል። ዓይኑ ይጐደጕዳል፥ ቆዳው ሲቈነጠጥ ቶሎ አይመለስም፥ የደም ሥሩ ትርታ ይጠፋል። ውኃውና ጨው ቢመለስለት ግን የሞት አፋፍ ላይ የነበረው ሰው በሰዓቶች ውስጥ ተነሥቶ ይቀመጣል። በዚያን ዘመን ሐኪሞች የሚመልሱለት በደም ሥር በሚገባ መርፌ ነበር። ይኸውም እኛ በልማድ «ግሉኮስ ተሰካለት» የምንለው ዓይነት ሕክምና ነው። ይህ በሆስፒታል ውስጥ ደኅና ነው። ነገር ግን ከጀርም የጸዳ ፈሳሽ በብዙ ሊትር፥ መርፌ፥ ጎማና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ወረርሽኝ በገባበት የገጠር መንደር ይህን ሁሉ ከየት ያመጡታል?

«ታዲያ ለምን በአፉ አይጠጣም?» የሚል ይኖራል። ተራ ውኃ ቢጠጣ እንደ ገባ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሊቃውንት የበሽተኛው አንጀት ተልጦ ስለ ተበላሸ ምንም ሊቀበል አይችልም ይሉ ነበር። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በፕራግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ፥ በአንጀት ግድግዳ ጨውና ስኳር ተጣምረው የሚገቡበት በር አለ ብሎ አስረዳ። ጨው ብቻውን ሲመጣ ይህ በር አይከፈትለትም፤ ስኳር ሲከተለው ግን ሁለቱ አብረው ያልፋሉ። ውኃ ደግሞ ጨውን ተከትሎ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ አብሮ ይገባል። ኮሌራ ሌላውን ሁሉ ሲያናጋ ይህን በር ሳይዘጋ ይተወዋል። በሽታው ሳይነካው የተወው ይህ አንድ በር ነው የሕክምናው መሠረት የሆነው።

የሆነ ሆኖ አሳቡ ብቻ አላዳነም። በ1962 ፊሊፕስ የተባሉ የአሜሪካ የባሕር ኀይል ሐኪም በማኒላ ከተማ ስኳር የተቀላቀለበት የጨው ውኃ በአንጀት እንደሚገባ ካዩ በኋላ፥ በብዙ በሽተኞች ላይ ሲሞክሩት የሞቱ ሰዎች ነበሩ፤ ድብልቁ ከሚገባው በላይ የወፈረ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ፊሊፕስ ነገሩን በጥንቃቄና በፍርሃት ነበር የሚያዩት። በ1968 በዳካ ምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩ ዴቪድ ኔሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ፥ ዕድሜያቸው ገና 30 ያልሞላ ሁለት ሐኪሞች ፈተናውን በሌላ መንገድ ጀመሩት። በሽተኛው የሚተኛበት አልጋ መካከሉ ተበሥቶ ከሥሩ ባልዲ ተቀመጠ። የወጣው ውኃ በየጊዜው ይለካል፤ የተለካውን ያህል ድብልቅ በሽተኛው ይጠጣል። መጀመሪያ ላይ ራሱን የሳተው በመርፌ ከተረዳ በኋላ የቀረው ሁሉ በአፍ ሆነ። በመርፌ ይሰጥ ከነበረው ፈሳሽ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ቀረ። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ባልዲው ነው። ከእነርሱ በፊት የነበሩት ስለ ድብልቁ ብዙ ተጨንቀው ነበር፤ የጐደለውን ልክ አውቆ በልኩ መተካት የሚለውን ቀላል ነገር በየሰዓቱ ጠንቅቆ የፈጸመ ግን እምብዛም አልነበረም።

በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ። ቦንጋኦን በተባለች የጠረፍ ከተማ ኮሌራ ገባ። ከካልካታ የተላኩት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ሲደርሱ የሆስፒታሉ ክፍሎች ሞልተው፥ ሕመምተኞች በወለል ላይ ተኝተው አገኟቸው። የሚሰካው ፈሳሽ ሊያልቅ ተቃረበ። እርሳቸውም 22 ግራም ግሉኮስ፥ 3.5 ግራም የምግብ ጨውና 2.5 ግራም ቢካርቦኔት ለ1 ሊትር ውኃ እንዲሆን አስመዝነው፥ በከረጢት አሳሽገው አስመጡ። በትላልቅ በርሜል ተበጥብጦ በቧንቧ እየተቀዳ ይሰጥ ጀመር። የሚያጠጡት ነርሶች ብቻ ሳይሆኑ የበሽተኞቹ እናቶች፥ እኅቶችና ባሎች ነበሩ። ከዚያ በፊት ከመቶው በሽተኛ 30 ያህሉ ይሞት እንደ ነበር ይነገራል፤ በርሜሉ ከቆመ በኋላ ግን ከ3 ሺሕ በላይ ከሚሆኑት ሕመምተኞች የሞቱት ከመቶ 4 አይሞሉም።

ይህም ሆኖ ጽሑፋቸው ታትሞ የወጣው በ1973 ነው፤ ለማመን የዘገዩም ብዙዎች ነበሩ። ተጠራጣሪዎቹ «ከሌላ ሕክምና ጋር በትክክል አላወዳደሩትም» ይሉ ነበር። ጥያቄው ከሳይንስ ሕግ ውጪ አይደለም። ነገር ግን ፈሳሹ ባለቀበት፥ ሰው በወለል ላይ በሚሞትበት ቦታ ግማሹን ሕዝብ ለማወዳደሪያ ያለ መድኃኒት ማስቀመጥ ማን ይችላል? የዳካው ጥናት ድብልቁ እንደሚሠራ በልኬት አሳይቶ ነበር፤ የቦንጋኦኑ ሥራ ደግሞ ሐኪም በሌለበት፥ በዘመድ እጅም ቢሆን እንደሚሠራ አሳየ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው ኀይል ያገኙት። በ1978 የዓለም ጤና ድርጅት ተቅማጥን ለመቈጣጠር የሚሠራ ፕሮግራም አቋቋመ። ዶክተር ማሃላናቢስ በ2022 ዐረፉ፤ በማግሥቱ ዓመት የሕንድ መንግሥት ከታላላቅ ኒሻኖቹ አንዱን በስማቸው ሰጠ።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ያለው የሐኪሞች ታሪክ ነው። ወደ መንደር የሚገባው ክፍል ከዚህ ይጀምራል፤ ለእኔም ትምህርቱ የበዛው በዚህ ነው።

ባንግላዴሽ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1972 በፋዝሌ ሐሰን አቤድ የተመሠረተ ብራክ የሚባል የልማት ድርጅት ነበር። በዚያን ጊዜ ፋብሪካ ያዘጋጀውን ዱቄት በየመንደሩ ማዳረስ የማይቻል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1980 ብራክ ሌላ ነገር ጀመረ፤ ይኸውም በየቤቱ እየዞሩ እናቶች በጓዳቸው ባለው ነገር ድብልቁን እንዲሠሩ ማስተማር ነው። በሦስት ጣት ቁንጥር ጨው፥ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተነጥሮ ከሚሠራው ጥቁር ስኳር አንድ ጭብጥ፥ በግማሽ ሊትር ያህል ውኃ። ጨዉ ቢበዛ ሕፃኑን ይጐዳል፤ ቢያንስ አይጠቅምም። ስለዚህ እናቶቹ የሠሩት ድብልቅ እየተቀዳ በምርምር ቤት የጨው መጠኑ ይለካ ነበር። ወጣት ሴቶች በቡድን ሆነው፥ አንድ ተቈጣጣሪና አንድ ምግብ አብሳይ አስከትለው በእግር ከመንደር መንደር ይሄዱ ነበር። ለእናቲቱ መጀመሪያ 10፥ በኋላም 7 ነጥቦችን ያስጠኗታል፤ ከዚያም በገዛ እጇ ታዘጋጃለች።

አሁን ብልሃቱን ተመልከቱ። የመምህራኑ ደመወዝ የሚታሰበው ባስተማሩት ቤት ብዛት አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ ከተማሩት ቤቶች ጥቂቱን በዕጣ ይመርጥና እናቲቱን ይጠይቃታል፤ እስቲ ሥሪው ይላታል። ያስታወሰችውና የሠራችው መልካም ከሆነ መምህርቷ ብዙ ታገኛለች፤ የረሳች እንደ ሆነ ትንሽ ወይም ምንም አታገኝም። (ይህ ሥርዓት በእኛ ትምህርት ቤት ቢጀመር መምህሮቻችን ምን ይሉ ይሆን? እንዲያው ለጥያቄ ያህል ነው።) እናቶቹም በእውነት ያስታውሱ ጀመር።

ነገር ግን ልጅ ሲታመም ሄደው በጠየቁ ጊዜ ድብልቁን የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ ታውቃለች፥ አትሠራም። ብዙ ድርጅት ቢሆን ኖሮ «ይህን ያህል ሺሕ ቤት አስተማርን» ብሎ መግለጫ አውጥቶ በዚያው በቆመ ነበር። እነርሱ ግን ለምን ብለው ጠየቁ፤ ያገኙትም ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ የተገኘው ከመምህራኑ ዘንድ ነው። ራሳቸው ተቅማጥ ሲይዛቸው ኪኒን ይውጣሉ እንጂ ድብልቁን አይጠጡም ነበር፤ አላመኑበትምና። የማያምንበትን ነገር የሚያስተምር ሰው ደግሞ ድምፁ ያስታውቅበታል። ስለዚህ ወደ ዳካ ምርምር ቤት ተወስደው በሽተኞች ሲድኑ በዓይናቸው አዩ፤ አሠራሩም ተገለጠላቸው። ወደ መንደር ሲመለሱ ድብልቁን በሰው ፊት ይጠጡ ጀመር። ሁለተኛ፥ ትምህርቱ የተሰጠው ለሴቶች ብቻ ስለ ነበር ባሎች ምንም አልሰሙም። በዚያ አገር መድኃኒት ለመግዛት ወደ ገበያ የሚሄደው ባል ነው፤ ሚስቲቱ ጨውና ስኳር ስትበጠብጥ አይቶ ቢነቅፋት አይደንቅም። ስለዚህ ወንዶቹ በመስጊድ፥ በገበያና በትምህርት ቤት እንዲሰበሰቡ ሆኖ ተነገራቸው። ሦስተኛው ምክንያት የቃል ነገር ነው። የአገሬው ሰው ተቅማጥን በልዩ ልዩ ስም ለይቶ ይጠራል። መምህራኑ የተጠቀሙበት «ዳይሪያ» የሚለው ቃል ለመንደሩ ሰው እንደ ውኃ የሚወርደውን፥ እጅግ የጠናውን ብቻ ያመለክታል። ልጁ ሌላው ዓይነት ሲይዘው እናቲቱ «ያ ትምህርት ይህን አይመለከትም» ትላለች። ይህን ባልዲ ሊለካው አይችልም፤ የሚገኘው ቁጭ ብሎ ከእናቶች ጋር በመነጋገር ነው። ጥናት ሲባል ሁልጊዜ ቍጥርና መነጽር ብቻ የሚመስላቸው ጓደኞቼ ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው።

እስከ 1990 ድረስ ከ12 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ቤቶች እንዲህ ተዳረሱ። ዛሬ በባንግላዴሽ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ይህን ዱቄት ያገኛሉ፤ ከድኾች አገሮች መካከል እንዲህ የተሳካላቸው ጥቂቶች ናቸው።

ድብልቁ ራሱም እንደ ተጀመረ አልቀረም። የቀድሞው ለኮሌራ ተብሎ ስለ ተመጠነ ጨዉና ስኳሩ በዛ ያለ ነበር። በብዙ አገሮች በሕፃናት ላይ ከተደረገ ማወዳደር በኋላ፥ ቀለል ያለው ድብልቅ ማስታወክንና መርፌ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ብዛት እንደሚቀንስ ስለ ታወቀ፥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት መጠኑ ተለወጠ። ዛሬ ለ1 ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው፥ ከሌሎች ሁለት ንጥረ ነገሮች ጋር ይገባበታል። በ2004 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ከዱቄቱ ጋር ዚንክ የተባለው ኪኒን ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ መከሩ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ዛሬም ዱቄቱን የማያገኙ ሕፃናት ለምን በዙ? በዚህ ላይ በ2024 የታተመ አንድ የሕንድ ጥናት አለ። በካርናታካና በቢሃር ክፍላተ ሀገር መርማሪዎቹ የታመመ ልጅ ያላቸው አባቶች መስለው የሚቀርቡ ሰዎችን ከ2 ሺሕ በላይ ወደሚሆኑ የግል ሐኪሞችና መድኃኒት ሰጪዎች ላኩ። ሐኪሞቹ ዱቄቱ እንደሚጠቅም ያውቃሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አያዝዙም። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? መድኃኒቱ ስለ ጠፋ ነው ቢባል፥ ይህ ድርሻው ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነው። ሌላ መድኃኒት በመሸጥ ለማትረፍ ነው ቢባል፥ እርሱም ከመቶ 5 ያህል ነው። ትልቁ ምክንያት፥ ከመቶ 42 የሚሆነው፥ ሐኪሙ «በሽተኛው ይህን ተራ ነገር አይፈልግም፥ ኪኒን ይፈልጋል» ብሎ በልቡ መገመቱ ነው። ሰውዬው «ኦ አር ኤስ እፈልጋለሁ» ያለ እንደ ሆነ ግን ከመቶ 28 ያህል ብቻ ይታዘዝ የነበረው ወደ 55 ከፍ አለ። ሐኪሙ በሽተኛውን ሲፈራ፥ በሽተኛውም ሐኪሙን ሲያፍር ልጁ በመካከል ይጐዳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበው ዱቄቱን በጤና ኬላ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ዱቄቱን ያገኙት ከአሥሩ ሦስቱ ያህል ብቻ ናቸው። በብዙ ቤት አሁንም «ውኃ አትስጡት፥ ይጨምርበታል» ይባላል። ከላይ እንዳየነው ግን የሚገድለው የውኃው መጕደል ነው። የሕንዱ ጥናት ለወላጆቻችን የሚሰጠው ሥራ ቀላል ነው፤ ወደ ጤና ኬላም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄዱ ስሙን ጠርተው «ኦ አር ኤስና ዚንክ ስጡን» ማለት ነው።

አዘጋጀጁም የሚያስቸግር አይደለም። እጅን በሳሙና ታጥቦ፥ የከረጢቱን ዱቄት ሁሉ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ መበጥበጥ ነው። ለመለካት ባለ 1 ሊትር የውኃ ጠርሙስ ይበቃል። ከረጢቱን ከፍሎ በጥቂት ውኃ መበጥበጥ፥ ወይም ስኳር መጨመር አይገባም። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቍጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፥ ማለት አንድ የቡና ስኒ ያህል፥ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ እጥፉን በጥቂት በጥቂቱ በማንኪያ ወይም በስኒ ያጠጡታል። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደ ገና ቀስ እያሉ መስጠት ነው። ጡትና ምግብ አይከለከልም። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፥ ከደነዘዘ፥ ዓይኑ ከጐደጐደ፥ ወይም ደም ያለበት ከሆነ ግን ድብልቁን በመንገድ እያጠጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።